የጋፋት ነሐስና ሩቁ ጋላክሲ

ከደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ጋፋት በምሕንድስና ታሪካችን ስሟ የሚነሣው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1867 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ የነሐስ መድፍ ስላሠሩባት ነው። ከዚያ 20 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በአየርላንድ ሎርድ ሮስ የተባሉ ባላባት መዳብና ቆርቆሮ አቅልጠው፣ 1.8 ሜትር ስፋት ያለው የቴሌስኮፕ መስተዋት ሠርተው ነበር። በ1845 በዚሁ መስተዋት ጠመዝማዛ ቅርጽ ያለውን ጋላክሲ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዩ። ሁለቱም ሥራዎች የማቅለጥ ጥበብ ውጤቶች ናቸው፤ የተለያየው ዓላማቸው ነው።

ኤድዊን ሀብል በ1926 ጋላክሲዎችን በቅርጻቸው ሲመድብ፣ ጠመዝማዞቹን በመካከላቸው አግዳሚ ያላቸውና የሌላቸው ብሎ ከፈላቸው። አግዳሚ ካላቸው አንዱ ኤንጂሲ 1365 ነው። ይህን ጋላክሲ ጄምስ ደንሎፕ በ1826 ከአውስትራሊያ ሆኖ አገኘው። ርቀቱ 56 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ሲሆን፣ ስፋቱ 200,000 የብርሃን ዓመት ይደርሳል። ከዋክብት የተሰለፉበት አግዳሚው እንደ መስኖ ቦይ ጋዙን ወደ መካከል ይስበዋል፤ በዚያም አዳዲስ ከዋክብት ይወለዳሉ፣ በእምብርቱ ያለው ጥቁር ጉድጓድም ይመገባል። በ2013 የዚህ ጥቁር ጉድጓድ እሽክርክሪት እጅግ ፈጣን መሆኑ በኤክስሬይ ተለክቶ ታወቀ። የእኛው ፍኖተ ሐሊብም አግዳሚ ያለው በመሆኑ፣ ሩቁን ማጥናት የራስን ቤት ማወቅ ነው።

ከሎርድ ሮስ ግቢ ሲታይ ግን ኤንጂሲ 1365 ከአድማስ 1 ዲግሪ እንኳ ከፍ አይልም። በደብረ ታቦር በኅዳር መጀመሪያ፣ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ በደቡብ በኩል 42 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይገኛል። በዐይን ብቻ ባይታይም፣ በአነስተኛ ቴሌስኮፕ እንደ ደብዛዛ ጭጋግ ይታያል። እንግዲህ መስተዋቱ ያላቸው ሰማዩን አጡ፤ ጋፋት ምድጃውም ሰማዩም ነበራት፣ መስተዋት ግን አልተሠራባትም።

ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1868 ባዕዳኑ ባለሙያዎች አገር ለቀው ወጡ። ሙያው በትምህርት ቤት አልተተከለምና ከሰዎቹ ጋር ሄደ። ዛሬ በእንጦጦ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ ይሁንና የአዲስ አበባ መብራት ከሥራቸው ተዘርግቷል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ግን በደብረ ታቦር ራስጌ ቆሟል። ጨለማ ሰማይ እንደ ውሃና እንደ ማዕድን ሀብት ነው፤ ተለክቶ ካልተጠበቀ ይባክናል። ስለዚህ የከተሞቻችንን መብራት የምንነድፍ መሐንዲሶች፣ ብርሃኑ ወደ መንገዱ እንጂ ወደ ሰማይ እንዳይረጭ ማድረግ የሙያ ግዴታችን ነው። በጋፋት የጠፋው ሙያ ይበቃል፤ ሰማዩን ደግሞ አንድገመው።