የ1953ቱ ሌላው ነውጥ

1953 ዓ.ም. ሲነሣ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የታኅሣሡን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነው። ስለ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ስለ ወንድማቸው ስለ ገርማሜ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ስለ ተረሸኑት ሹማምንት ብዙ ቀለም ፈስሷል። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ግን ሌላ ነውጥ ነበር። ደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወርድበት በካራቆሬ አካባቢ ምድር ተናወጠች። ማጀቴ ፈረሰች፤ ከካራቆሬም ቤቶች ብዙዎቹ ወደቁ፤ የደሴው አውራ ጎዳናም ተጎዳ። ስንቶቻችን ሰምተናል? (የእኛ ታሪክ ጸሐፊ ቤተ መንግሥት ካልተነቃነቀ ብዕሩን አያነሣም።)

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ደግሞ፣ የአዲስ አበባ ተማሪዎች ከመንግሥት ጋር ተፋጠው ሳለ፣ በአሰብ መንገድ ላይ ያለችው የአፋሯ ሰርዶ ወደመች። ሰው የሞተው የድንጋይ ግንብ ተንዶበት ነው። ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን የሚሠራው የአርብቶ አደሩ ጎጆ ቢወድቅ እንኳ ሰው አይገድልም። ኋላ ቀር የምንለው ቤት ለዚያ ምድር ከእኛ ግንብ ይሻል ነበር።

ይህን ሁሉ ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ ለቅሞ፣ ከመሣሪያ ንባብ ጋር አገናዝቦ የጻፈልን ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን ነው። በዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ምርምር ማዕከልን ያቋቋመውም እርሱ ሲሆን፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተመ።

የምድሩ ጠባይ አልተለወጠም። የኑቢያና የሶማሊያ ምድር ንጣፎች በየዓመቱ በጥቂት ሚሊሜትር ይራራቃሉ፤ በክፍተቱም ቅልጥ ዓለት ይገባል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን መካከል የሆነው ይኸው ነበር። ከአፋርና ከኦሮሚያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። አዲስ አበቤው ግን ጉዳዩን የራሱ ያደረገው የፎቅ ቤቱ መብራት ሲወዛወዝ ነው።

መንቀጥቀጥን ስለሚቋቋም ግንባታ የሚደነግግ የሕንፃ ኮድ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶልናል። በየሰፈሩ በሚቆመው ኮንክሪት ውስጥ የታሰረው ብረት ኮዱ ያዘዘው መሆኑን ማን ይመረምራል? በነሐሴ 1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ አካባቢ ተነሥቶ ዋና ከተማዋን ያናወጠው መንቀጥቀጥ ከ6.5 በላይ እንደነበር ይገመታል። አዲስ አበባ ያን ጊዜ በአብዛኛው የጎጆና የድንኳን ከተማ ነበረች።