የማይቆጠረው ዘይት፦ ከኑግ ሙቀጫ እስከ አምስት ሊትር ጀሪካን



ክብደት ለመቀነስ ወይም ስኳራቸውን ለመቆጣጠር አመጋገባቸውን ያስተካከሉ ሰዎች ምን እንደሚበሉ ስጠይቃቸው ዝርዝሩን አሳምረው ይነግሩኛል። እንጀራው ከሁለት ወደ አንድ ወርዷል፣ ሥጋ ቀርቷል፣ ለስላሳ መጠጥ ከቤት ወጥቷል፣ ወጡ ምስር ወይም ሽሮ ሆኗል። ሆኖም ሚዛኑ አይንቀሳቀስም። "ወጡ ውስጥ ስንት ማንኪያ ዘይት ይገባል?" ስል አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ "እሱማ በዓይን ነው።"

ዛሬ የዚህን "በዓይን" የሚባል መስፈሪያ ታሪክ ላጫውታችሁ። ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል፤ የሚያበቃው ግን የዛሬ ማታው ድስታችሁ ውስጥ ነው።

ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ አለው። አንድ ግራም ስኳር፣ ስታርች ወይም ፕሮቲን ግን 4 ብቻ ነው። (በተለምዶ "ካሎሪ" የምንለው በሳይንሱ ኪሎ ካሎሪ የሚባለውን ነው።) ጀርመናዊው ማክስ ሩብነር ቀደም ብሎ ለእነዚህ የተጠጉ ቁጥሮችን አስልቶ ነበር። ዛሬ በየማሸጊያው ላይ ለምናየው ስሌት መሠረት የጣለው ግን አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ዊልበር አትዋተር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አትዋተር በኮነቲከት ግዛት በሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ከፊዚክስ ባለሙያው ኤድዋርድ ሮዛ ጋር ሰው ገብቶ የሚያድርበት አንዲት ትንሽ ክፍል ሠራ። በጎ ፈቃደኛው በክፍሏ ውስጥ ለቀናት ይቆያል። እዚያው ይበላል፣ ይተኛል፣ አንዳንዴም ከቦታው የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ይረግጣል። የሚገባለት ምግብ ይመዘናል፤ ሰገራውና ሽንቱ ይመረመራል፤ ከሰውነቱ የሚወጣው ሙቀት ደግሞ በክፍሉ በተዘረጋ ቧንቧ ውስጥ በሚያልፍ ውሃ አማካይነት ይለካል። በዚህ አድካሚ ሥራ ሰውነታችን ከእያንዳንዱ ምግብ የሚያገኘው ጉልበት በቁጥር ታወቀ። ስብ በቤተ ሙከራ ሲቃጠል በግራም ወደ 9.4 ካሎሪ ይሰጣል። አንጀታችን ሁሉንም ስለማይመጠው የሚደርሰን 8.9 ገደማ ነው፤ እኛ 9 ብለን እንይዘዋለን።

አትዋተር ይህን ሁሉ የደከመው ሰዎች እንዲከሱ ብሎ አልነበረም። ትልቁ ሐሳቡ ደሃው ሠራተኛ ባለችው ገንዘብ በቂ ጉልበት የሚሰጥ ምግብ እንዲገዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 ከባልደረባው ቻርልስ ዉድስ ጋር የአሜሪካን ምግቦች ይዘት በሠንጠረዥ ሲያወጣም በዚህ መንፈስ ነው። ካሎሪን ለመክሳት መቁጠር በሰፊው የተለመደው ከእሱ ሞት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሉሉ ሀንት ፒተርስ የተባለች የካሊፎርኒያ ሐኪም ስለ ካሎሪ ያሳተመችው መጽሐፍ በብዙ ቅጂ ተሸጠ፤ ያን ጊዜ "ካሎሪ" የሚለው ቃል ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ማዕድ ቤት ገባ።

ወደ እኛም መጥቷል። በስዊድን ትብብር የተጀመረው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ ኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም፣ የአገራችንን ምግቦች ይመረምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ለኢትዮጵያ የተዘጋጀ የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ታተመ። ጤፉም፣ ምስሩም፣ አተሩም ቁጥር አገኙ። አንድ ነገር ግን በሠንጠረዥ አይያዝም፤ እሱም የእናንተ እጅ ድስቱ ላይ ያፈሰሰው የዘይት መጠን ነው።

ዘይት በእኛ ቤት

ኑግ የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ እንኳን አቢሲኒያን ይጠራል። ቅቤ በማይነካባቸው የጾም ወራት ወጡን ሲያጣፍጡ የኖሩት ኑግ፣ ተልባ፣ ሱፍና ሰሊጥ ናቸው። በቤት ውስጥ የኑግ ዘይት ማውጣት ግን ቀላል ሥራ አልነበረም። ኑጉ ይሞቃል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ዱቄቱ በውሃ ይፈላል። ዝቃጩ ወደ ታች ሲወርድ ከላይ የተንሳፈፈው ዘይት በጥንቃቄ ይጨለፋል። "ከኑግ የተገኘሽ ሰሊጥ አብረሽ ተወቀጪ" የሚለው ተረት የዚያን ሙቀጫ ድምፅ ዛሬም ይዞልናል።

እንግዲህ አስቡት፤ ግማሽ ቀን ተወቅጦ የተገኘን ዘይት ማን በዘፈቀደ ያፈሳል? እናቶቻችን በዓይን ሲለኩ፣ በእኔ ግምት፣ ዓይናቸውን የሚቆጣጠረው የዘይቱ ማነስ ነበር። ጠርሙሷ ትንሽ ስለነበረች እጅም ትንሽ ያፈስ ነበር።

ከዚያ የዘይት መጭመቂያ ማሽን መጣ። ቀጥሎ ከውጭ የሚገባው ፓልም ዘይት በቀበሌ የሸማቾች ማኅበር በወረፋ ይታደል ጀመር። ብዙዎቻችን "የሚረጋው ዘይት" የምንለው ነው። ቆየት ብሎ አቅሙ የፈቀደ ቤተሰብ ወደ ፈሳሹ የሱፍ አበባ ዘይት ተሻገረ። ዕቃው ከጠርሙስ ወደ ጀሪካን አደገ። መስፈሪያው ግን ያው "በዓይን" ሆኖ ቀረ።

ጀሪካኑን እናስላው

አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ያህል ይመዝናል። ያ ማለት ወደ 8,280 ካሎሪ ነው። አምስት ሊትሩ ጀሪካን 41,400 ካሎሪ ይይዛል። አምስት ሰዎች ያሉበት ቤት ይህን በአንድ ወር ቢጨርስ እያንዳንዱ ሰው በየቀኑ 275 ካሎሪ ገደማ ከዘይት ብቻ ያገኛል።

ለንጽጽር አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአገራችን በድርቅ ጊዜ ለአንድ ሰው የሚሰጠው የተለመደ የወር ቀለብ 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ይህ ዘይት በቀን ሲካፈል 15 ግራም፣ ማለትም 135 ካሎሪ ይሆናል። ዘይት ከቀለቡ ጋር የሚታደለው በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት ስለሚሸከም ነው። ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው በበኩሉ የዚያን እጥፍ ሳያውቀው ሊበላ ይችላል።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ። ለአምስት ሰው የሚሆን የምስር ወጥ እንሥራ፦

– ሩብ ኪሎ ምስር ክክ፦ 880 ካሎሪ ገደማ
– ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፦ 200 ካሎሪ ገደማ
– ሁለት የቡና ሲኒ ዘይት (140 ሚሊ ሊትር ያህል)፦ 1,160 ካሎሪ ገደማ

በርበሬውንና ነጭ ሽንኩርቱን ትተን ድምሩ 2,240 ነው። ለአንድ ሰው 450 ያህል ይደርሳል፤ ከዚህ ውስጥ 230ው ዘይት ነው። ስሙ የምስር ወጥ ይሁን እንጂ በካሎሪ ብንሰይመው የዘይት ወጥ ነበር የሚባለው።

ያንኑ ወጥ በአራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብትሠሩት ዘይቱ ወደ 500 ካሎሪ ይወርዳል፤ ለአንድ ሰው 100 ማለት ነው። ምስሩ አልቀነሰም፣ ሳህኑም አልጎደለም፣ ግን ከእያንዳንዱ ሳህን 130 ካሎሪ ወጥቷል። የዛሬን የዘይት ዋጋ ለምታውቁት ደግሞ ትርፉ ለኪስም ነው።

ስያሜ አያታልላችሁ

"ኮሌስትሮል የሌለው" የሚል ጽሑፍ ብዙ የዘይት ዕቃ ላይ አለ። ከእህልና ከፍሬ የተገኘ ዘይት በተፈጥሮውም ኮሌስትሮል የለውም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ስለ ካሎሪው የሚነግራችሁ ነገር የለም። የሚረጋው ፓልም፣ የሱፍ አበባው፣ ኑጉ፣ ውዱ የወይራ ዘይት፣ ሁሉም በግራም ያው 9 ናቸው። ለልብና ለደም ሥር ልዩነት አላቸው፤ ፓልም ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ስብ ስለሆነ ፈሳሾቹ ይመረጣሉ። "ለልብ ይሻላል" ማለት ግን "አያወፍርም" ማለት አይደለም። ንጥር ቅቤም ከሞላ ጎደል ንጹሕ ስብ ስለሆነ ከዘይት እኩል ቁጠሩት።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የሚረጨውን ዘይት ታውቁታላችሁ። ዕቃው ላይ "0 ካሎሪ" ይላል። በአገሪቱ የስያሜ ደንብ በአንድ ጊዜ አጠቃቀም ከ5 በታች የሆነ ካሎሪ ዜሮ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ አንድ ጊዜ አጠቃቀም ተብሎ የተያዘው ደግሞ የሩብ ሴኮንድ ርጭት ነው። መጥበሻውን ለአራት ሴኮንድ ከረጫችሁ አሥራ ስድስት "ዜሮ" ተጠቅማችኋል፤ ድምራቸው ዜሮ አይደለም። ቢሆንም በዓይን ከማፍሰስ ብዙ ያንሳል፤ በአግባቡ ከተጠቀማችሁበት ጥሩ ዘዴ ነው።

እንዴት እንቁጠረው?

1. ጀሪካኑን ስትከፍቱ ቀኑን ጻፉበት። ሲያልቅ ሊትሩን በ8,280 አባዙ፣ ለቆየበት ቀን አካፍሉ፣ ከዚያ ለቤተሰቡ ቁጥር አካፍሉ። የአንድ ሰው የቀን ድርሻ በግምት ይወጣላችኋል።

2. ከጀሪካን ወደ ድስት በቀጥታ አታፍስሱ። የልጆች ሽሮፕ መለኪያ በየቤቱ አይጠፋም፤ 15 ሚሊ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው፣ 120 ካሎሪ ገደማ።

3. ለድስቱ በሙሉ ቁጠሩና ለሚበላው ሰው አካፍሉ። ወጡ በማግስቱ ፍርፍር ሲሆን የሚጨመረው ዘይት፣ መጨረሻ ላይ ጣል የሚደረገው ቅቤና ቲማቲም ሰላጣው ላይ የሚፈሰውም ይቆጠራል።

4. ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላሉት። ይህ የእናቶቻችን ሙያ ነው። ሽንኩርቱ መያዝ ሲጀምር ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ ስጡት፤ ዘይቱን ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ በማንኪያ ጨምሩ።

5. ሳምቡሳ ወይም ድንች ስትጠብሱ ዘይቱን ከመጥበሳችሁ በፊትና በኋላ ለኩ። የጎደለው ባብዛኛው የገባው ምግቡ ውስጥ ነው።

ዘይት ጠላት አይደለም

ይህን ክፍል በተለይ ወላጆች ሳትዘሉ አንብቡት። ሰውነታችን ስብ ያስፈልገዋል፤ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ያለ ስብ በደንብ አይመጠጡም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከሁለት ዓመት በላይ ላለ ሰው ከስብ የሚገኘው ጉልበት ከጠቅላላው 30 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ ከሁሉም ምግብ ተደምሮ 67 ግራም ያህል ስብ ነው።

ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ግን የዘይት ቁጠባ አይሠራም። ሆዳቸው ትንሽ፣ እድገታቸው ፈጣን ስለሆነ ገንፏቸው ላይ የምትጨመር ትንሽ ማንኪያ ዘይት ትጠቅማቸዋለች። በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት በጤና ተቋም የሚታከሙበት "ኤፍ 100" የተባለው ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 100 ካሎሪ የሚሰጠው ዘይት ተጨምሮበት ነው። እናትም አባትም ለክብደት ብላችሁ ዘይት ስትቀንሱ የሕፃኑን ሳህን ለይታችሁ አስቡ። በሕመም የከሱ አዛውንቶችና ነፍሰ ጡሮችም ሐኪም ሳያማክሩ አይቀንሱ። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ የምትበሉትን በብዛት ከመለወጣችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ፤ ስኳራችሁ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል።

አትዋተር በዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ የለካው ቁጥር ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ለተራበውም ለወፈረውም እኩል ይሠራል። ከእናንተ የሚጠበቀው አንድ ማንኪያ ነው። ዛሬ ጀሪካኑ ላይ ቀኑን ጻፉ። በቤታችሁ ድስቱን የሚጥደው ሌላ ሰው ከሆነ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት፤ ምግብ የሚያበስለው ሰው ሳያውቅ የሚሳካ የአመጋገብ ለውጥ የለምና።