የጨርቅ ነጋዴው ሌንስ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንድ ውስጥ ጨርቅ የሚገዛ ነጋዴ ዕቃውን በእጁ ዳስሶ ብቻ አይወስድም ነበር። ትንሽ አጉሊ መነጽር ከኪሱ አውጥቶ ድርና ማጉን ይቆጥራል፤ ክሩ ከጠበቀ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ከሳሳ ይወርዳል። አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ያደገው በዚህ ንግድ ውስጥ ነው። በ1632 እ.ኤ.አ. በዴልፍት ከተማ ተወለደ፤ አምስተርዳም ሄዶ ሙያውን ተማረ፤ በ1654 ወደ ዴልፍት ተመልሶ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልደረሰም። የዘመኑ ሊቃውንት የሚጻጻፉበትን ላቲንም አያውቅም ነበር። ባክቴሪያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ግን እሱ ነው።

ሕያው ነገር ለተሠራበት ጥቃቅን ክፍል ሴል የሚለውን ስም ያወጣው ግን ሌላ ሰው ነበር። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 ባሳተመው «ማይክሮግራፊያ» ከቡሽ በስሱ የተቆረጠ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አይቶ ጥቃቅኖቹን ክፍሎች ሴል አላቸው፤ በአንድ ኪዩቢክ ኢንች ቡሽ ውስጥ ከ1200 ሚሊዮን በላይ እንደሚገኙም አሰላ። ነገር ግን ቡሽ የሞተ የዛፍ ቅርፊት ነው። ሁክ ያየው ባዶ የቀረውን ግድግዳ ነበር፤ በውስጡ ይኖር የነበረው ሕይወት ከደረቀ ቆይቷል።

ሌቨንሁክ ሕያው የሆነውን አየ። መሣሪያው በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ሲሆን፣ ሁለት የናስ ወይም የብር ዝርግ ብረቶች፣ በመካከላቸው የተቀበረች አንዲት ሌንስ፣ የሚታየውን ነገር የሚይዝ ሹል ዘንግና ማስተካከያ ብሎኖች ነበሩት። ዛሬ በሆላንዷ ዩትሬክት ከተማ የሚገኘው አንዱ መሣሪያው ከ260 ጊዜ በላይ ያጎላል። ይህን የሚያህል ኃይል ያላት ሌንስ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም።

ወደ ታላቁ ግኝቱ ያደረሰው ቁንዶ በርበሬ ነው። ምላስን የሚያቃጥለው ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለገና ቁንዶ በርበሬ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ አስቀመጠ። ከሳምንታት በኋላ ከውሃው ጠብታ ወስዶ ሲመለከት ባክቴሪያን ጨምሮ እጅግ ጥቃቅን ፍጥረታት ይርመሰመሱበት ነበር። ጥቅምት 1676 ይህንኑ በረጅም ደብዳቤ፣ በሚያውቀው ብቸኛ ቋንቋ በደችኛ ጽፎ ለሎንዶኑ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ ላከ።

ሎንዶን ለማመን ተቸገረች። ሌቨንሁክ የሃይማኖት አባቶች የሚገኙባቸውን ስምንት ሰዎች በዓይናቸው አሳይቶ የምስክርነት ቃላቸውን ላከ። በኅዳር 1677 ሁክ ራሱ ሙከራውን ደግሞ ፍጥረታቱን አየ፣ ለማኅበሩም አባላት አሳየ። በ1680 የጨርቅ ነጋዴው የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ።

ደምንም መርምሯል፤ በዚህ ረገድ ያየው ነገር ትርጉሙ የተፈታው ዘግይቶ ነው። የሰው ቀይ የደም ሴሎች ክብ ሆነው ታዩት፤ የሳልመን ዓሣ ግን ሞላላ ነበሩ፣ መካከላቸው ላይም የተለየ ነጥብ ነበረባቸው። ያ ነጥብ ኒውክለስ ነው። ስሙን ያገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1831፣ ሮበርት ብራውን በኦርኪድ ተክል ሴሎች ውስጥ ሲመለከተው ነው። ኒውክለስ የሴሉን ዲኤንኤ ይይዛል፤ ሴሉ የትኛውን ፕሮቲን መቼ እንደሚሠራ የሚወሰነው ከዚያ ነው። የሰው ቀይ የደም ሴል ግን ሲጎለምስ ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል፤ ቦታውን ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይሞላዋል። ስለዚህም ራሱን መጠገን አይችልም፣ 120 ቀን ገደማ ሠርቶ ያበቃል። የዓሣው ኒውክለሱን እንደያዘ ይኖራል። ሌቨንሁክ በሁለቱ ደም መካከል ያየው ልዩነት ይኸው ነበር።

ሁክ ስም ያወጣለት ሴል ትርጉሙ የታወቀውም ዘግይቶ ነው፤ በ1838 እና በ1839 ጀርመናውያኑ ሽላይደንና ሽቫን ተክልም እንስሳም ከሴል የተሠሩ መሆናቸውን አስታወቁ። በ1855 ሩዶልፍ ፊርኮ ማንኛውም ሴል የሚገኘው ከሌላ ሴል መሆኑን አወጀ፤ ሮበርት ሬማክ ግን ሴል ተከፍሎ ሌላ ሴል እንደሚያስገኝ ከእሱ ቀድሞ አሳይቶ ነበርና ምስጋናው ለሁለቱም ይገባል።

ሌቨንሁክ ያየውን ሁሉ ሲጽፍ የኖረ ቢሆንም፣ ምርጥ ሌንሶቹን እንዴት እንደሚሠራ ለማንም አልነገረም። በ1698 የሩሲያው ዛር ታላቁ ጴጥሮስ ዴልፍት ሲደርስ በኢል ዓሣ ጅራት ውስጥ ደም ሲዘዋወር አሳየው፤ የአሠራሩን ምስጢር ግን እንደያዘ በ1723፣ በ90 ዓመቱ ሞተ። ብዙዎቹ መሣሪያዎቹ በ1747 በጨረታ ተሸጠው ተበታተኑ። እሱ ያያቸውን ባክቴሪያዎች በቅጡ የሚያጠና ትውልድ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

በ2021 የሆላንድ ተመራማሪዎች መሣሪያዎቹን ሳይፈቱ በኒውትሮን ጨረር መረመሯቸው፤ ኒውትሮን ብረቱን አልፎ በውስጡ ያለውን ሌንስ ያሳያል። የዩትሬክቱ ሌንስ በእሳት ከቀለጠ ቀጭን የብርጭቆ ክር የተሠራች ኳስ ሆና ተገኘች። ይህ አሠራር በ«ማይክሮግራፊያ» መግቢያ ላይ ታትሞ ነበር። የጻፈው ሁክ፣ እንዲህ ያለች ሌንስ አጥርታ እንደምታሳይ ቢመሰክርላትም ለዓይን ስለምታስቸግር ከአንድ በላይ ሌንስ ባለው ማይክሮስኮፕ መሥራትን መርጧል።