መተሐራ እዚህ ሆኖ ስኳሩ የት ሄደ?

 

በ2014 ዓ.ም. ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አንዲት እናት እዚህ ጭሮ ከመስጂዱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በእጃቸው ባዶ ፌስታል ይዘዋል። ከጧት ጀምረው ስኳር ሊገዙ ተሰልፈው ውለው፣ ተራቸው ሲደርስ "አልቋል" ተብለው ነው የተመለሱት። "ሼኽ፣" አሉኝ፣ "እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎትና ይንገሩኝ። መተሐራ እዚሁ አይደለም ወይ? ሚኤሶን፣ አዋሽን አልፈን አዲስ አበባ ስንሄድ ሸንኮራውን በአውቶብስ መስኮት እያየን አይደለም ወይ የምናልፈው? ታዲያ ስኳሩ የት ነው የሚሄደው?"

መልሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን የመተሐራን ስኳር ለማወቅ መጀመሪያ ካይሮ፣ ከዚያ ብራዚልና ኩባ፣ ከዚያም ጃቫ ደርሶ መመለስ እንደሚያስፈልግ ተረዳሁ። የዛሬው ሙሐደራችን ያንን መንገድ ይከተላል፤ ታገሱኝ።

ስኳር የሚለው ስም ራሱ ብዙ አገር የዞረ ስም ነው። በጥንቱ የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት "ሸርከራ" ነበር። ፋርሶች "ሸከር"፣ ዐረቦች "ሱከር" አሉት፤ በኦሮምኛ ሱካራ፣ በአማርኛ ስኳር ሆኖ እኛ ዘንድ ደረሰ። አውሮፓውያንም ቢሆኑ ስሙን ያገኙት ከዐረብኛው ነው። ተክሉም እንደ ስሙ መንገደኛ ነው። መነሻው ኒው ጊኒ የምትባለው ደሴት አካባቢ ሲሆን፣ ጭማቂውን አፍልቶ ጠጣር ስኳር ማውጣትን የጀመሩት ህንዶች ናቸው። እስልምና ፋርስ ከደረሰ በኋላ ሙስሊም ገበሬዎች ሸንኮራውን ከነመስኖ ጥበቡ ወደ ግብፅ፣ ወደ ሻም፣ ወደ ሞሮኮ፣ ወደ ሲሲሊና ወደ አንዳሉስ ወሰዱት። ለብዙ መቶ ዓመታት አውሮፓ የምትቀምሰው ስኳር በአብዛኛው ከሙስሊሙ ዓለም የሚገዛ ነበር።

ናስር ኹስረው የተባለው ፋርሳዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1040ዎቹ መጨረሻ ካይሮ ተቀምጦ ያየውን ጽፎ አቆይቶልናል። በፋጢሚዮቹ ቤተ መንግሥት ለዒድ በተሰናዳ ግብዣ ላይ፣ ቅርንጫፉም ቅጠሉም ፍሬውም ከስኳር የተሠራ የብርቱካን ዛፍ አይቶ ተደንቋል። በዚያን ዘመን ስኳር በአውሮፓ ከመድኃኒት ጋር በጥቂት በጥቂቱ የሚሸጥ ውድ ነገር ነበር።

ካይሮ ይህንን ገበያ እንዴት አጣችው? እ.ኤ.አ. በ1348 ገደማ የደረሰው ታላቅ ወረርሽኝ የገጠሩን ሕዝብ ፈጀው፤ የመስኖውን ቦይ የሚጠርግ እጅ ጠፋ። ከዚያ ደግሞ ከ1422 እስከ 1438 የገዛው ሱልጣን ባርስባይ የስኳሩን ንግድ ለራሱ ጠቀለለው። ነጋዴ ከሱልጣኑ መጋዘን በቀር እንዳይገዛ፣ ዋጋውንም ሱልጣኑ ብቻ እንዲቆርጥ ሆነ። ፖርቱጋሎች በማዴይራ ደሴት ሸንኮራ ተክለው ብቅ ሲሉ፣ የተዳከመው የግብፅ ስኳር ሊቋቋማቸው አልቻለም። ታሪካችንን ስንናገር ጥፋቱን ሁሉ ከውጭ በመጣ ጠላት ላይ መጣል ይቀናናል። የካይሮ ስኳር ግን በአመዛኙ የተሸነፈው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነው።

ፖርቱጋሎች ሸንኮራውን ከማዴይራ ወደ ሳኦ ቶሜ፣ ከሳኦ ቶሜ ወደ ብራዚል አሻገሩት። በ1500ዎቹ መጨረሻ ብራዚል የአውሮፓ ዋና ስኳር አቅራቢ ሆነች። ሸንኮራ እንደ ጤፍ በቤተሰብ ጉልበት ብቻ በሰፊው የሚያዝ ተክል አይደለም። ከተቆረጠ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ካልተጨመቀ ጣዕሙ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቆራጩም፣ ተሸካሚውም፣ እሳት አንዳጁም ሌት ተቀን በአንድ ላይ መሥራት አለባቸው። ይህንን ሥራ በፈቃዱ የሚገባበት ሰው ሲጠፋ የአፍሪካ ልጆች በመርከብ ተጭነው ተወሰዱ። አትላንቲክን እንዲሻገሩ ከተጫኑት 12 ሚሊዮን ተኩል ያህል አፍሪካውያን መካከል ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉት የወረዱት ብራዚል ነው።

ከነዚህ ውስጥ ሙስሊሞች ነበሩ። ይህን ብዙዎቻችን አናውቅም፤ እኔም ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት አላውቅም ነበር። ባሂያ በተባለው የስኳር አገር፣ ስኳሩ ወደ ውጭ በሚጫንባት በሳልቫዶር ከተማ፣ ሐውሳና ዮሩባ የሆኑ ባሪያዎችና ነፃ የወጡ ሰዎች በድብቅ እየተሰበሰቡ ይሰግዱ፣ ቁርኣንም ያስተምሩ ነበር። የአገሩ ሰው "ማሌ" ይላቸዋል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1835፣ በሂጅራ አቆጣጠር በ1250 የረመዳን የመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች ውስጥ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሰው ተነሡ። ምሥጢሩ አስቀድሞ ወጥቶ ነበርና በአንድ ሌሊት ውጊያ ተሸነፉ፤ 70 ያህሉ ተገደሉ። ከተረፉት ከፊሎቹ በጥይት ተረሸኑ፣ ከፊሎቹ ተገረፉ፣ ብዙዎቹም ከአገር ተባረሩ። ፖሊስ ሲፈትሻቸው ከኪሳቸውና ከአንገታቸው ያገኘው በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ነበር። ከወረቀቶቹ የተወሰኑት እስከ ዛሬ በብራዚል መዝገብ ቤት ተቀምጠዋል። በዚያች አገር ባርነት በሕግ የቀረው በ1888 ነው።

የፈረንሳይ ቅኝ የነበረችው ሃይቲ ከዚያ በፊት በ1700ዎቹ ከዓለም አንደኛ የስኳር ላኪ ነበረች። በ1791 ባሪያዎቹ ተነሡ፤ በ1804 ነፃ አገር አወጁ። ፈረንሳይ ግን በ1825 ለቀድሞዎቹ ጌቶች ካሳ ክፈሉ ብላ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ጫነችባቸው። በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም ዕዳው ለትውልድ ተረፈ። የሃይቲን ቦታ የወሰደችው ኩባ ናት።

ኩባ ሲባል የሐረርጌ ሰው የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። በ1970 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ የኩባ ወታደሮች በሐረርና በጅጅጋ በኩል ተሰልፈው ተዋግተዋል፤ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስም በአገራችን ቆይተዋል። ያቺ ወታደር እዚህ ድረስ የላከች ትንሽ ደሴት የምትኖረው በስኳር ነበር። አሜሪካ በ1960 እ.ኤ.አ. አልገዛሽም ስትላት ሶቪየት ኅብረት ከገበያው በላቀ ዋጋ ገዛቻት። በ1970 እ.ኤ.አ. ካስትሮ 10 ሚሊዮን ቶን እናመርታለን ብሎ አገሩን ሁሉ ወደ ሸንኮራ አዘመተ፤ የተገኘው 8 ሚሊዮን ተኩል ያህል ነበር፤ ሌላው ሥራ ግን ተበላሸ። ሶቪየት በ1991 ስትፈርስ ገዢው ጠፋ። በ2002 ከፋብሪካዎቹ ግማሽ ያህሉ ተዘጉ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ኩባ ለራሷ ሕዝብ ስኳር ከውጭ እስከ መግዛት ደርሳለች።

ወደ እኛ የሚያደርሰን ግን የጃቫ መንገድ ነው። ጃቫ የሙስሊሞች ደሴት ናት። ከ1830 ጀምሮ የሆላንድ ገዢዎች ገበሬውን ከመሬቱ አንድ አምስተኛውን ለመንግሥት ሰብል እንዲያውል አስገደዱት፤ ሩዙን ነቅሎ ሸንኮራና ኢንዲጎ ተከለ። በ1920ዎቹ ጃቫ ከኩባ ቀጥሎ የዓለም ሁለተኛዋ የስኳር ላኪ ነበረች። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እዚያ ሰፋፊ እርሻ ነበረው። ኢንዶኔዥያ በ1949 ነፃነቷ ሲረጋገጥ ኩባንያው ሌላ አገር መፈለግ ጀመረ። አገኘም፤ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጋር በ1943 ዓ.ም. ተዋውሎ ወንጂ ላይ ሸንኮራ ተከለ፤ ፋብሪካውም በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሸዋ ፋብሪካ፣ በ1962 ዓ.ም. ገደማ መተሐራ ተከተሉ። በጃቫ ገበሬ ላብ የተካበተው ሙያ በአዋሽ ሸለቆ ተተከለ ማለት ነው። ኢንዶኔዥያ ራሷ ዛሬ ከዓለም ከፍተኛ የስኳር ገዢ አገሮች አንዷ ናት።

የመተሐራ ሜዳ ባዶ አልነበረም። የከረዩ ኦሮሞዎች በበጋ ከብታቸውን ይዘው ወደ አዋሽ ዳር የሚወርዱት እዚያው ነበር። ሸንኮራው ሲመጣ የወንዙ ዳር ተከለከለ፤ ከጎኑ ደግሞ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ። ግመልና ከብቱ ወደ ደረቁ ቦታ ተገፋ፤ ሣርና ውሃ ሲጠብ ከጎረቤት ጋር ግጭቱ በዛ። ወንጂም የራሱ ቁስል አለው። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት በመሆኑ የሠራተኛው ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሆነ፤ ለብዙ ዓመታት የጠጡት ሽማግሌዎች ደግሞ አጥንታቸው ደርቆ ወገባቸው አልታጠፍ አለ። ፋብሪካዎቹ በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ሲሆኑ ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ የከረዩ ግጦሽ አልተመለሰም።

አሁን የእናታችንን ጥያቄ እናንሳ። በዓለም ገበያ በዓመት ወደ 60 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ስኳር ይሸጣል። በቅርብ ዓመታት ግማሽ ያህሉ የብራዚል ነው፤ ከኋላዋ ታይላንድ፣ ህንድ፣ አውስትራሊያና ጓቲማላ ይሰለፋሉ። ብራዚል ይህን ቦታ ዳግም የያዘችው በሳኦ ፓውሎ በኩል ያለው ሰፊ እርሻዋ በአብዛኛው በዝናብ የሚበቅል ስለሆነና ፋብሪካዎቿ ከአንዱ ሸንኮራ ስኳርም የመኪና ነዳጅም ማውጣት ስለሚችሉ ነው። ነዳጅ ሲወደድ ፋብሪካው ሸንኮራውን ወደ ኢታኖል ሊያዞረው ይችላል፤ ያኔ ስኳር ያንሳል፣ ዋጋው ይወጣል። የጭሮ ሻይ ቤት ዋጋ ከነዳጅ ጉድጓድ ጋር የተሳሰረ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ህንድ ደግሞ ብዙ ታመርታለች፣ ብዙም ትበላለች። ያ ረመዳን ካለፈ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከጁን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን ስኳር ገደበች፤ በ2023 መጨረሻም ጨርሳ ያዘችው ማለት ይቻላል።

እኛስ? በ2003 ዓ.ም. የወጣው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዐሥር አዳዲስ ፋብሪካዎች ተሠርተው በአምስት ዓመት ውስጥ 2.25 ሚሊዮን ቶን ይመረታል፣ ከዚያም ብዙው ለውጭ ይሸጣል ብሎ ነበር። ከዓለም ታላላቅ አምራቾች ተርታ እንሰለፋለን ተባለ። አምስት ዓመቱ ሲያልቅ ምርቱ ግማሽ ሚሊዮን ቶን አልሞላም። ግድቡ ሳያልቅ ፋብሪካው ታዘዘ፤ ፋብሪካው ሳያልቅ ሸንኮራው ደርሶ በማሳ ላይ አረጀ። የተበደርነው ገንዘብ ወለዱን እየቆጠረ ነበር። ይህ ሁሉ በጋዜጣም በፓርላማም የተነገረ ስለሆነ ምሥጢር አላወጣሁም።

ስለዚህ የመተሐራ ስኳር የመተሐራ ጎረቤት አይደለም። ለብዙ ዓመታት ከየፋብሪካው የወጣው ስኳር ወደ አንድ ቋት ገብቶ በኮታ ለክልል፣ ለዞን፣ ለወረዳ ሲከፋፈል ኖሯል፤ የጎደለውም በዶላር ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ዶላር ሲጠፋ ስኳርም ይጠፋል። በኮታው ዋጋና በገበያው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ ደግሞ ኩንታሉ ማታ ማታ እግር ያወጣል። ፉቀሃዎች ኢሕቲካር የሚሉት፣ ሕዝብ የሚፈልገውን ሸቀጥ ቋጥሮ ዋጋው እስኪንር መጠበቅ፣ በሸሪዓ የተከለከለ ነው። ይህንን የምለው ሩቅ ላለ ሰው አይደለም፤ በመጀመሪያው ሶፍ ላይ ከኋላዬ የሚሰግድ ነጋዴም ይስማኝ። እኛ ገዢዎቹም ብንሆን ነፃ አይደለንም። ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ ተቀምጠን አንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ ሦስትና አራት ማንኪያ የምንገለብጠውን ማን ይቁጠረው!

ለእናታችን ይህን ሁሉ በሚቀጥለው ጁሙዓ አሳጥሬ ነገርኳቸው። ካይሮን በዝምታ ሰሙ። የባሂያዎቹን ሰዎች ስነግራቸው "በረመዳን?" ብለው ደግመው ጠየቁኝ፤ እንባቸውንም በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። ስለ ብራዚልና ስለ ዶላሩ ስናገር ግን መሰልቸታቸው ይታወቅ ነበር። ጨርሼ ዝም ስል ፌስታላቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ሻጥ አደረጉና፣ "አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ገባኝ" አሉ። ጥቂት ራመድ ብለው ዞር አሉ። "ብቻ ሼኽ፣ ለኢፍጧር እንግዳ ሲመጣብኝ ሻዩን በጨው አቅርቢ እንዳይሉኝ።"