መስታወት የሚሸከመው ታሪክ

አፍሪካ አዳራሽ የገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየው ነገር አለ፤ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት። 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሰፋው ይህ ሥራ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ይተርካል። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተወለደበት።

ስለ ሥዕሉ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ቁሱ ነው። መስታወት ጠጣር ነው ወይስ ፈሳሽ? የአውሮፓ ጥንታውያን ካቴድራሎች መስኮት ከታች የወፈረው መስታወቱ በዘመናት ብዛት ቁልቁል ስለ ፈሰሰ ነው የሚል ወግ አለ። ወጉ ያማረ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። ብራዚላዊው ኤድጋር ዛኖቶ በ1998 እ.ኤ.አ. አስልቶ እንዳሳየው፣ መስታወት በክፍል ሙቀት በዓይን እስኪታይ ድረስ ይፈስ ዘንድ ከዓለማት ዕድሜ የረዘመ ዘመን ያሻዋል። ውፍረቱ የተዛባው ገና ሲሠራ ነው።

ታዲያ ጫና ሲበረታበት ምን ይሆናል? ብረት ይጎብጣል፤ አቶሞቹ በረድፍ የተሰለፉ ናቸውና በረድፎቹ መካከል ያለው ጉድለት እየተንሸራተተ ጫናውን ያበርደዋል። መስታወት ግን ሰልፍ የለውም፤ አቶሞቹ ፈሳሽ ሳለ እንደነበሩ ተዘበራርቀው ቀርተዋል። ስለዚህ እዚህም እዚያም ጥቂት አቶሞች ቦታ ይለቃሉ፤ የለቀቁትም ሸክማቸውን ለጎረቤት ያስተላልፋሉ። ጎረቤት ካልቻለ እርሱም ይለቃል። በመስኮት መስታወት ላይ ግን ይህ ሳይስፋፋ በፊት አንዲት የማትታይ ጭረት ትቀድማለች፤ አለን ግሪፊዝ በ1921 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው ጫናው ሁሉ በጫፏ ላይ ይከማቻል፤ መስታወቱም በቅጽበት ይሰነጠቃል።

አንባቢ ሆይ፣ ከሁሉ የሚደንቀኝ ሌላ ነው። በችኮላ የቀዘቀዘ መስታወት በውስጡ ውጥረት አምቆ ይኖራል፤ አንድ ቀን ማንም ሳይነካው ሊሰነጠቅ ይችላል። በእቶን ውስጥ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ግን ያርፋል። ሁለቱን ዓይን አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ያለፉበት መንገድ ነው።

ከአዳራሹ ሽቅብ ካዛንቺስ አለች። ስሟ የጣሊያን ወረራ ዘመን ቅርስ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ምሕጻረ ስም የመጣ፤ «ካዛ ኢንቺስ»። ከዚያ ወዲህ የተቀጣጠሉት የጭቃ ቤቶች ረድፍ አልነበራቸውም፤ ያቆማቸው የጎረቤት ትከሻ ነበር፤ እድሩ፣ ቡናው፣ ለቅሶው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ፣ መስታወቱ ጭምር ታድሶ፣ ዳግም ተከፈተ። በዚያው ወቅት የካዛንቺስ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ይፈርሱ፣ ነዋሪዎቿም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ይሄዱ ነበር።

የተሰበረ መስታወት ቢቀልጥ ዳግም መስታወት ይሆናል፤ ምናልባትም ከቀድሞው የጠራ። የቀደመ ታሪኩ ግን በእቶኑ ውስጥ ይቀራል። ካዛንቺስም ስሟን ይዛ ትኖር ይሆናል። እድርተኛው ግን ተበትኗል፤ ሸክሙን ይካፈለው የነበረ ትከሻ አሁን ሩቅ ነው።