በአንድ እግሩ የተሰቀለው ከዳተኛ

ኒው ዮርክ በሚገኘው የሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ከተቀመጡት የ15ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን የታሮት መጫወቻ ካርታዎች በአንዱ ላይ፣ ወርቅ በተለበጠ መደብ ፊት አንድ ወጣት ዘቅዝቀው ሰቅለውታል። የታሰረው በአንድ እግሩ ብቻ ነው። ሌላው እግሩ ከጉልበቱ ታጥፏል፤ እጆቹ ወደ ኋላ ናቸው፤ ፊቱ ላይ ጣር አይታይም። ዛሬ በታሮት ዕድል የሚያነቡ ሰዎች ይህ 12ኛው ካርታ ሲወጣላቸው ስለ ትዕግሥት፣ ስለ መሥዋዕትነት፣ ዓለምን በሌላ ዐይን ስለ ማየት ይናገራሉ። ካርታው በተሣለበት ዘመን የነበረ የሚላኖ ሰው ግን የሚያስበው ሌላ ነበር። በጣሊያን ካርታው «ከዳተኛው» እየተባለም ይጠራ ነበር።

በዚያን ጊዜ የሰሜንና የመካከለኛው ጣሊያን ከተሞች አገር የከዳን ወይም ገንዘብ አጭበርብሮ የጠፋን ሰው መያዝ ሲያቅታቸው መልኩን ይቀጡ ነበር። ሠዓሊ ተቀጥሮ ጥፋተኛውን የቁልቁሊት እንደ ተሰቀለ አድርጎ በአደባባይ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ይሥለዋል፤ ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል። ቅዱስ ጴጥሮስ የቁልቁሊት መሰቀልን በትሕትና እንደ መረጠው በትውፊት ይነገራል፤ ለእነዚህ ጥፋተኞች ግን የመጨረሻው ውርደት ነው። ንግዱም ጋብቻውም በስም በሚታመንበት ከተማ፣ እንዲህ የተሣለ ሰው ቤተሰቡም አብሮት ይዋረዳል።

ሥራውን ታላላቅ ሠዓሊዎች ሳይቀሩ ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. በ1440 አንድሪያ ዴል ካስታኞ በፍሎረንስ የከተማይቱን ገዥ ቤተሰብ የሜዲቺን ጠላቶች እንደ ተሰቀሉ አድርጎ ሣላቸው፤ ከዚያ በኋላ «የተሰቀሉት አንድሪያ» የሚል ቅጽል ወጣለት። በ1478 ጁሊያኖ ዴ ሜዲቺ በካቴድራሉ ውስጥ በቅዳሴ ሰዓት ሲገደል፣ የሴረኞቹን ምስል የሣለው ቦቲቸሊ ነበር፤ 40 ፍሎሪን ተከፈለው። ሜዲቺዎች በ1494 ሲባረሩ ሥዕሉም ጠፋ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የስፎርዛ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ሙዚዮ አቴንዶሎ ስፎርዛ ከኮቲኞላ የተነሣ ቅጥር የጦር አበጋዝ ነበር። ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ «ጳጳሱ እኔ ነኝ» በሚሉበት ዘመን፣ ከሦስቱ አንዱን ዮሐንስ 23ኛን ሲያገለግል ቆይቶ ወደ ኔፕልሱ ንጉሥ ላዲስላውስ ዞረ። የተቆጣው ዮሐንስ በ1412 ስፎርዛ በቀኝ እግሩ ተሰቅሎ በሮም ድልድዮችና በሮች ላይ እንዲሣል አዘዘ፤ ከሥዕሉም ጋር ገበሬነቱንና ክህደቱን የሚያላግጥ ጽሑፍ ተለጠፈበት።

ልጁ ፍራንቼስኮ የሚላኖ መስፍን ሴት ልጅ ቢያንካ ማሪያ ቪስኮንቲን አግብቶ፣ በ1450 ራሱ መስፍን ሆነ። በሞርጋን ያለውና የቦኒፋቾ ቤምቦ ሥራ እንደሆነ የሚታመነው ካርታ ከዚህ ቤተ መንግሥት ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ የአባታቸው ውርደት በወርቅ ተለብጦ በልጆቹ ገበታ ላይ ይዘረጋ ነበር ማለት ነው፤ ያውም ለጥንቆላ ሳይሆን ለጨዋታ። ታሮት ሲፈጠር የካርታ ጨዋታ ነበር፤ በፈረንሳይ እስከ ዛሬ ይጫወቱታል። የተሰቀለው ሰውም ከበታቹ ያሉትን ካርታዎች የሚበላ ካርታ ነበር።

ስለ ትዕግሥትና መሥዋዕትነት የሚናገረውን ትርጉም የሰጡት ከ300 ዓመት በላይ ዘግይተው የመጡ ሰዎች ናቸው። ፈረንሳዊው አንቷን ኩር ዴ ጄብለን በ1781 ታሮት የጥንት ግብፃውያን የጥበብ መጽሐፍ ነው ብሎ ጻፈ። የግብፅ ጽሑፍ ገና አልተነበበም ነበርና ማስረጃ የሚጠይቀው አልተገኘም። ስለ ተሰቀለው ሰውም፣ ካርታ አታሚዎች ገልብጠውት ነው እንጂ በአንድ እግሩ የቆመ የአስተዋይነት ምሳሌ ነው አለ። በ1909 ለንደን ላይ አርተር ዌይት ያሳተመው፣ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሣለችው ካርታ ደግሞ ሰውየው በተሰቀለበት ግንድ ላይ ቅጠል አበቀለ፤ ለተሰቀለው ሰው ራስም የቅዱሳን አክሊለ ብርሃን ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ዓለም የሚያውቀው ይህን መልክ ነው።

በዚህ ካርታ የሚጽናና ሰው መጽናናቱን አልነፍገውም። በግድግዳ ላይ ስማቸው የተሰቀለ እውነተኛ ሰዎች ከታሪኩ መሰረዛቸው ግን ያሳዝነኛል። ምስጢር ፈላጊዎች ብዙ የተፈላሰፉበትን የታጠፈ እግር እንኳ እንይ። አንድሪያ ዴል ሳርቶ በ1529 እና 1530 ፍሎረንስ ተከባ ሳለች ለሸሹ የጦር አዛዦች ተመሳሳይ ሥዕል እንዲሠራ ታዘዘ። የሠዓሊዎችን ታሪክ የጻፈው ቫዛሪ እንደሚተርከው፣ የካስታኞ ቅጽል እንዳይደርሰው ፈርቶ ሥራው የደቀ መዝሙሩ ነው አስባለ። የግድግዳው ሥዕል ጠፍቷል፤ በቀይ ጠመኔ የነደፋቸው ንድፎች ግን በፍሎረንስ ኡፊትሲ ሙዚየም አሉ። በእነርሱም ላይ ነፃው እግር ታጥፏል፤ በአንድ እግሩ የተንጠለጠለ ሰው ሌላው እግሩ የሚደግፈው ስለሌለ ይወድቃልና።