«ፍትሕ» ከዐረብኛ የተወሰደ ነውን?

ቀድሞ ዝዋይ ትባል በነበረችው በባቱ ከተማ አንድ ሥርወ ቃል በብዙ አፍ ይነገራል። ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ከታሰረበት ይፈታል፤ በቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው ፍትሐት ይደረጋል፤ በመስጊድም በየሶላቱ ፋቲሓ ይነበባል። ይህን የሰማ ተማሪ የእኛው «ፍትሕ» ከዐረብኛ የመጣ ነው ቢል አይደንቅም። እኛ ግን አሳቡ የቸኮለ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

በዐረብኛ «ፈተሐ» ማለት ከፈተ ነው። ከዚህም ቁልፉ «ሚፍታሕ»፣ መክፈቻው «ፋቲሓ»፣ አገርን ድል አድርጎ መያዝም «ፈትሕ» ይባላል። የኢማም አሕመድን ዘመቻ በ16ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ዐረብ ፈቂህ፣ መጽሐፉ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» የተባለው በዚሁ ትርጕም ነው፤ የተያዘው አገር «ተከፈተ» ይባላልና። (የተያዘው ሕዝብ በሌላ ቃል እንደሚጠራው አያጠራጥርም።)

በግእዝም ግሡ ከፈተ ማለት ይሆናል፤ ዋና ኀይሉ ግን የታሰረውን መፍታት፣ ከዚያም የተቋጠረውን ነገር ፈትቶ መፍረድ ነው። ይህ የፍርድ ትርጕም በዐረብኛም አልጠፋም። በቁርኣን በ7ኛው ሱራ ቁጥር 89 ግሡ የፍርድ ልመና ሆኖ ይገኛል፤ የጥንት መዝገበ ቃላት ጸሓፊዎችም የየመን ሰዎች ዳኛውን «ፈታሕ» ይሉት እንደ ነበር ጽፈዋል። በሳባ የድንጋይ ጽሕፈትም ሥርወ ቃሉ ለዳኝነት ትእዛዝ ተነግሯል። ስለዚህ ትርጕሙ የቀይ ባሕር የሁለቱ ዳርቻዎች የጋራ ሀብት ይመስለናል፤ እንዲያውም ዐረብኛው ከደቡብ ዐረብ ወይም ከግእዝ ወሰደው የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ፍትሐ ነገሥት ነው። ግብጻዊው ኢብን አል አሳል በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ ያዘጋጀው መጽሐፍ «መጅሙዕ»፣ ማለት ስብስብ፣ ይባል ነበር። በስሙ ውስጥ ፈ-ተ-ሐ የለም። መጽሐፉ ከዐረብኛ ሲተረጐም «ፍትሕ» የሚለው ስም የተሰጠው በግእዝ ነው። ያው ቃል በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስም ውስጥ ቆይቷል።

ትርጕም ስለ ተመሳሰለ ብቻ ቃል ተወሰደ ማለት እንደማይገባ የባቱ ኦሮምኛ ይመሰክራል። «ሂኩ» የታሰረን መፍታት ነው፤ መተርጐምም፣ ትዳርን ማፍረስም ነው። በአማርኛም ገመድ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ባልና ሚስት ይፋታሉ። ሁለቱ ቃላት ግን በድምፅ አይገናኙም፤ «ሂኩ»ንም ከፈ-ተ-ሐ የሚያወጣው የለም።